የሰርቨሩ ሰዓት በማን ፀሐይ ይቆጠር

የደጋ ብርሃን ልማት ማኅበር የመካነ ሰላም ጽሕፈት ቤት የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ሽግግር አስተባባሪ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ የካቲት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቦታ፦ መካነ ሰላም፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረው የማኅበሩ አዳራሽ

የተጠራበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00

የተጀመረበት ሰዓት፦ የአዳራሹ ቁልፍ ተፈልጎ በሊቀ መንበሩ ኪስ ውስጥ ከተገኘ በኋላ፣ ከቀኑ 8፡45

የተገኙ አባላት፦
፩. አቶ በፍቃዱ፣ ሊቀ መንበር
፪. ወ/ሮ በለጡ፣ የማኅበሩ ሒሳብ ሹም
፫. ሸህ አብዱልጀሊል፣ የቁርኣን መምህርና የአገር ሽማግሌዎች ተወካይ
፬. አቶ የኋላሸት፣ የኮምፒውተር ባለሙያ
፭. አቶ አሻግሬ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ አባላት፦ ወ/ሪት ሉሊት እና የወረኢሉው አቶ ወንድዬ። ለሁለቱም ጥሪው በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ የተላከላቸው ሲሆን፣ ስብሰባው የተጠራውም ማንም ሰው የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤውን መክፈት ስላልቻለ በመሆኑ፣ መቅረታቸው በበቂ ምክንያት እንደሆነ ታምኖበታል፤ ሆኖም ደንብ ደንብ ነውና የቀሪነት ማስጠንቀቂያ በዚያው በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ እንዲደርሳቸው ታዟል።

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ወ/ሪት ሙስሊማ፣ የማኅበሩ የወግዲ ቅርንጫፍ የእናቶች ጤና ሠራተኛ፣ ባለ ጉዳይ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባቱ አባላት አምስቱ በመገኘታቸው፣ በደንቡ የሚፈለገው ቁጥር አንድም ሳይተርፍ አንድም ሳይጎድል ተሟልቷል።

የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ጾም ዘንድሮ በአንድ ወቅት ስለ ገጠመ «የሻይ ዕረፍት» የሚለው ተራ ቁጥር ከመርሐ ግብሩ ተሰርዟል፤ ስብሰባው ግን በዚህ ምክንያት አላጠረም።

መክፈቻ

ሊቀ መንበሩ ስብሰባውን በከፈቱበት ንግግር፣ የሁላችንንም ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያኖረውና በየመግቢያ ቃላችን እየለየ ለየባለቤቱ የሚያድለው፣ በእንግዳው ስሙ ሰርቨር የሚባለው ኮምፒውተር፣ በጥር ወር ከአሮጌው ወደ አዲሱ ከተዛወረ ወዲህ፣ ከእርሳቸው ከሊቀ መንበሩ ጀምሮ እስከ ጥበቃው ድረስ ማንንም «አላውቅህም» እያለ ከበር መመለሱን በምሬት ገልጸው፣ ሰርቨር ማለት በአገራችን ቋንቋ አገልጋይ ማለት እንደሆነ ከተነገራቸው ወዲህ ቁጣቸው እጥፍ መሆኑን፣ ምክንያቱም አገልጋይ ጌታውን አላውቅህም ሲል በዕድሜያቸው ሰምተው የማያውቁ መሆናቸውን አስረድተዋል።

አጀንዳው ከመጽደቁ በፊት ወ/ሪት ሙስሊማ፣ ድምፅም የመናገር ፈቃድም ሳይኖራቸው፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው የሚከተለውን አመልክተዋል። ደሴ ያለ አንድ የጤና ማሠልጠኛ ለአዋላጅነት ትምህርት መርጧቸዋል፤ የምርጫው ደብዳቤ የተላከላቸው በማኅበሩ አድራሻቸው ስለሆነ፣ መቀበላቸውን ከዚያው አድራሻ መልሰው ማረጋገጥ አለባቸው፤ በስልክ ወይም በሌላ አድራሻ የሚመጣ ማረጋገጫ ተቀባይነት የለውም፤ ዛሬ እስከ 11 ሰዓት ካላረጋገጡም ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ይህን ተናግረው ሲያበቁም «ከወግዲ በጭነት መኪና ገቢና መጥቻለሁ፤ ጉዳዬ እንዲያልቅልኝ የምፈልገው እናንተ ስትጨርሱ ሳይሆን ገና ሳትጀምሩ ነው» ብለዋል።

ሊቀ መንበሩ «እኅታችን፣ ጉዳይሽ ከባድ ነው፤ ከባድ በመሆኑም በተራው ይታያል» ካሉ በኋላ፣ ጉዳዩ በአጀንዳ ሦስት «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር እንዲያዝ አድርገዋል። አያይዘውም 11 ሰዓት የተባለው በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቀው፣ በፈረንጁ አቆጣጠር ከሆነ በእኛ ጧት አምስት ሰዓት ላይ ያለፈ ስለሚሆን፣ መቸኮሉ ቀርቶ በእርጋታ መወያየት እንደሚቻል ጠቁመዋል። ወ/ሪት ሙስሊማ «ጋሼ፣ ሰዓቱን ደውላ የነገረችኝ ደሴ ያለች የማሠልጠኛው ሴት ናት። በደሴና በመካነ ሰላም መካከል ስንት ፀሐይ አለ?» ሲሉ የጠየቁ ሲሆን፣ ጥያቄው ከአጀንዳው ውጭ በመሆኑ መልስ አልተሰጠበትም።

አጀንዳ ፩፦ አባላት ወደ ደብዳቤያቸው መግባት ያልቻሉበትን ምክንያት ስለ ማጣራት

ወ/ሮ በለጡ የመግቢያ ቃላቸውን በትልቁም በትንሹም ፊደል ቢሞክሩ፣ ቀስ ብለውም ፈጥነውም ቢጽፉ፣ አንድ ጊዜም ተቆጥተው ቢጽፉ እንዳልተቀበላቸው ተናግረዋል። ሸህ አብዱልጀሊል በበኩላቸው «እኔ ሁልጊዜ ቢስሚላህ ብዬ ነው የምጀምረው፤ ሰይጣን ነው ያስቸገረኝ እንዳልል ደግሞ ሰይጣን የመግቢያ ቃል ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም» ብለዋል። ሊቀ መንበሩ ችግሩ የሠራተኛው የመግቢያ ቃል አያያዝ ብልሹነት ስለሆነ፣ የሁሉም ሠራተኛ የመግቢያ ቃል ተሰብስቦ፣ እንዳይጠፋ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ሐሳብ አቅርበው፣ ሐሳቡ ለጊዜው በይደር ተይዟል።

ከዚህ በኋላ አቶ የኋላሸት ባለሙያ እንደ መሆናቸው አስተያየት እንዲሰጡ ተጠይቀው፣ ምክንያቱን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እንደሚያውቁት ገልጸዋል። ሸህ አብዱልጀሊል «ታዲያ ለምን አልነገርከንም፣ ልጄ?» ቢሏቸው፣ «ሸኹ፣ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ያልተጠየቀ ባለሙያ ደግሞ አስተያየት ሰጪ ይባላል» በማለት መልሰዋል።

በአቶ የኋላሸት ማብራሪያ መሠረት፣ አንድ ሰው ወደ ደብዳቤው ሊገባ ሲል፣ የእርሱ ስልክና ሰርቨሩ አስቀድመው ሰዓታቸውን ያስተያያሉ፤ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከተለያዩ፣ የመግቢያ ቃሉ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ሰርቨሩ ሌባ መጣብኝ ብሎ በሩን ይዘጋል። የእኛ ሰርቨር ደግሞ ከዓለም ሁሉ ስምንት ዓመት ገደማ፣ በሰዓት ደግሞ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የቀረውም በራሱ ስንፍና ሳይሆን በዚህ ኮሚቴ ውሳኔ ነው።

ነገሩ ለማያስታውሱ ሲብራራ፣ አዲሱ ሰርቨር በተተከለ ዕለት፣ ጧት በሁለት ሰዓት ላይ «ስምንት ሰዓት»፣ በ2018 ዓመተ ምሕረትም ላይ «2026» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ስለ ተገኘ፣ ሊቀ መንበሩ «በገዛ ቤታችን ገብቶ ስምንት ዓመት የቀደመን ማን ነው?» ብለው በመቆጣት፣ ሰርቨሩ የሚበላውን መብራት ከሚሰጠው አገር ሰዓትና ዘመን ጋር እንዲስማማ ያስወሰኑ መሆናቸው ታውቋል። ሸህ አብዱልጀሊል «ይህ ደግሞ መቼ ተወሰነ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሊቀ መንበሩ «በጥር ወሩ ስብሰባችን ነዋ፣ ሸኹ» ብለው ወደሚቀጥለው ነጥብ አልፈዋል።

ወ/ሪት ሙስሊማ ሰዓቱን ወደ ነበረበት መመለስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አቶ የኋላሸትን ጠይቀው፣ «አንድ ውኃ እስኪጠጣ» የሚል መልስ ካገኙ በኋላ፣ «ታዲያ ተነሥና መልሰዋ፣ ወንድሜ!» ሲሏቸው፣ አቶ የኋላሸት በውሳኔ ቁጥር የተለወጠ ሰዓት ያለ ውሳኔ ቁጥር እንደማይለወጥ አስረድተው፣ «ቁጥር ስጡኝ እንጂ እጄስ ዝግጁ ነው» ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የችግሩ ምክንያት ሰዓት መሆኑ በሙሉ ድምፅ ታምኖበታል፤ ጥፋተኛው ግን ሰዓቱን የለወጠው አካል ሳይሆን የተቀረው ዓለም መሆኑ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ ፪፦ ስለ መፍትሔ

ሊቀ መንበሩ፣ ሰርቨሩ ወደ ሰው ከሚመጣ ሰው ወደ ሰርቨሩ ቢሄድ እንደሚሻል፣ ስለዚህም ሠራተኛው በሙሉ የስልኩን ሰዓትና ዘመን እንደ ሰርቨሩ እንዲያደርግ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ በለጡ ይህን ብልሃት ትናንት ማታ በራሳቸው ስልክ ሞክረውት እንደነበር፣ ስልካቸውም ገና ገጹን ሊከፍት ሲል «የዚህ በር ማኅተም ገና ለወደፊቱ የሚሰጥ ስለሆነ አላምነውም» ብሎ እንደ መለሳቸው፣ ለጧት የሞሉት ደወል በእኩለ ሌሊት ጮኾ ባለቤታቸውን ከአልጋ እንዳወረደ፣ የባንካቸው መተግበሪያም እስካሁን እንዳልታረቃቸው በመግለጽ፣ «ጋሽ በፍቃዱ፣ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሚወስደኝ ከሆነ ስልኬን ብቻ ሳይሆን ጉልበቴንም ይውሰደው!» ሲሉ ተቃውመዋል። ተቃውሟቸው ተመዝግቦ ሐሳቡ ጸድቋል።

ቀጥሎ ሸህ አብዱልጀሊል፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታም ቁጣም ሳይታይ፣ በአገሩ ዘመን ይኑር ከተባለ ሰርቨሩ በጳጉሜን ምን ሊሆን እንደታሰበ ጠይቀዋል። አቶ የኋላሸት ሰርቨሩ ከዐሥራ ሁለት ወር በላይ መቁጠር እንደማይችል፣ በሁለተኛው ወርም ሠላሳ ቀን የሚባል ነገር እንደማያውቅ፣ ስለዚህ የጥቅምት መጨረሻና ጳጉሜን በሙሉ ለእርሱ የሌሉ ቀናት መሆናቸውን አረጋግጠዋል። ጉዳዩ ብርቱ ክርክር አስነሥቶ፣ በመጨረሻ ሰርቨሩ በጳጉሜን የዓመት ፈቃድ እንዲወጣ፣ በጥቅምት መጨረሻ ላይ የሚያጓድላቸው ቀናት ደግሞ እንደ ሕመም ፈቃድ እንዲቆጠሩለት ተወስኗል። ሸህ አብዱልጀሊል «የኛም የሂጅራ ዘመን አለ፤ ሰርቨሩ በርሱ ይሁን አልልም፣ ምክንያቱም እኔ የምፈልገው ዘመን ሳይሆን ደብዳቤዬን ነው» ብለዋል።

በይደር የተያዘው የመግቢያ ቃል ጉዳይም ተነሥቶ፣ ልዩ ልዩ ቃል መያዝ በሠራተኛው መካከል ልዩነት ስለሚፈጥር ሁሉም አንድ የመግቢያ ቃል እንዲይዝ፣ ቃሉም «አንድነት» እንዲሆን ተወስኗል። ቃሉ በዚህ ቃለ ጉባኤ ላይ በመጻፉ ምሥጢርነቱ ያበቃ ስለመሆኑ ጸሐፊው ቢያሳስብም፣ አንድነት ምሥጢር ሆኖ እንደማያውቅ ሊቀ መንበሩ መልሰዋል።

በዚህ ጊዜ ሰዓቱ 10 ሆኖ ስለ ነበር፣ ሸህ አብዱልጀሊል አስር የሚባለውን የከሰዓት በኋላ ሶላት አድርሰው እስኪመለሱ እንዲፈቀድላቸው ጠይቀው ወጥተዋል። ሲወጡም ወደ ወ/ሪት ሙስሊማ ዘንበል ብለው «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ማለታቸው ተሰምቷል።

አጀንዳ ፫፦ ልዩ ልዩ

የወ/ሪት ሙስሊማ ጉዳይ ቀረበ። ሊቀ መንበሩ ባለ ጉዳይዋ ባጭሩ እንዲያስረዱ ፈቅደው፣ ወ/ሪት ሙስሊማ የሚከተለውን ተናግረዋል፤ ጸሐፊውም አንድ ቃል ሳያጓድል መዝግቦታል፦ «እኔ ወግዲ ላይ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ አስይዤ መኪና እስከሚገኝበት መንገድ እሸኛለሁ። ሥራዬ መሸኘት ነው። አንዳንዷ መንገድ ላይ ትወልዳለች፣ አንዳንዷ መንገድ ላይ ትቀራለች፤ እኔ እጇን ይዤ አይዞሽ እላለሁ። አይዞሽ ማለት ሰልችቶኛል። ማዋለድ ልማር ነው የምለው። ይኸው ነው ባጭሩ።»

ከዚህ ንግግር በኋላ ወ/ሮ በለጡ ከቦርሳቸው መሐረብ አውጥተው፣ የሰርቨሩ ሰዓት ለወ/ሪት ሙስሊማ ብቻ ለሩብ ሰዓት ያህል ወደ ዓለም ሰዓት እንዲመለስና ከዚያ እንደገና ወደ አገሩ እንዲገባ ሐሳብ አቀረቡ። ሊቀ መንበሩ አንድ ሰርቨር በሁለት ዘመን ካገለገለ የማን እንደሆነ ይጠፋዋል ሲሉ ተቃወሙ። ድምፅ ተሰጥቶ ሐሳቡ ሦስት ለአንድ አልፏል። ከሦስቱ አንዱ የጸሐፊው ነው፤ ምክንያቱን እንዲያስረዳ የጠየቀው ስለሌለ አላስረዳም።

አቶ የኋላሸት ወደ ሰርቨሩ ለመሄድ ወንበራቸውን ሲገፉ፣ ሊቀ መንበሩ እጃቸውን አንሥተው፣ ሸህ አብዱልጀሊል በሌሉበት በአዳራሹ ያሉት አባላት አራት ብቻ መሆናቸውን ቆጥረው፣ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ የተሰጠ ውሳኔ ከመጀመሪያውም እንዳልተሰጠ እንደሚቆጠር፣ ይህም መርሕ ያለ ምንም ልዩነት፣ ትናንትም ዛሬም ነገም፣ በማናቸውም ስብሰባ ላይ የሚሠራ የማኅበሩ ምሰሶ መሆኑን በከፍተኛ ድምፅ አስገንዝበው፣ ቃላቸው እንዳለ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር አዘዋል። እንዳለ ሰፍሯል። አቶ የኋላሸት ተመልሰው ተቀምጠዋል።

ሸህ አብዱልጀሊል ለ11 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ተመለሱ። የሆነው ሁሉ ተነገራቸው። በዚህ መካከል ድምፅ ከሌላቸው ተሰብሳቢ በኩል አንድ ጥያቄ ተሰምቷል፤ ይኸውም «ሸኹ፣ ሰዓቱ የተለወጠ ዕለት እርስዎ ነበሩ?» የሚል ነው።

ሸህ አብዱልጀሊል «እኔማ ያን ሰሞን የእኅቴ ባል ሞቶ ወረኢሉ ለቅሶ ላይ ነበርሁ፤ ስመለስ እንኳን ሁላችሁም ቤቴ ድረስ መጥታችሁ አጽናንታችሁኛል፤ በፍቃዱም መጥተሃል» አሉ። ወ/ሮ በለጡ፣ ወ/ሪት ሉሊትና አቶ ወንድዬ ያን ዕለትም እንዳልነበሩ አስታወሱ። ከዚያም ሁሉም በየልቡ መቁጠር ጀመረ፤ አቶ የኋላሸት ግን በጣታቸው ቆጥረው «አራት!» አሉ።

ሊቀ መንበሩ ጢማቸውን እያሻሹ፣ ይህ የተለየ ሁኔታ መሆኑን ለማስረዳት ሲጀምሩ፣ ሸህ አብዱልጀሊል ጸሐፊውን «እስቲ ቅድም ያስጻፈህን አንብብልን» አሉት። ጸሐፊው «ትናንትም ዛሬም ነገም» ከሚለው ጀምሮ አነበበ። ከዚህ በኋላ ውይይት አልተደረገም። የሰርቨሩን ሰዓት የለወጠው የጥር ወሩ ውሳኔ እንዳልተሰጠ ተቆጥሮ፣ ሰዓቱ ወዲያውኑ እንዲታረም፣ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ ሳለ፣ አራት ለአንድ ተወስኗል። አቶ የኋላሸት የውሳኔውን ቁጥር ጠይቀው፣ ቁጥር ሦስት መሆኑ ሲነገራቸው፣ ሰው ሲሮጡ አይቷቸው በማያውቀው አኳኋን ሮጠዋል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በአዳራሹ ያሉ ስልኮች ሁሉ በአንድነት መጮኽ ጀመሩ፤ የአንድ ወር ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ገባ። ወ/ሪት ሙስሊማ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከዚያም «ሄደ!» አሉ። ወዲያው ደሴ ደወሉ፤ ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማው ከፍ አድርገውት ስለ ነበር፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ሴት «ደርሶኛል፣ እኅቴ፤ እኔ እኮ የቀረሽ መስሎኝ ነበር፤ ለትምህርቱ ሰኞ እንድትገቢ» ስትል ተሰምታለች። ሸህ አብዱልጀሊል «አልሐምዱሊላህ» ያሉ ሲሆን፣ ወ/ሮ በለጡም በክርስትናቸው እንዳሉ «አልሐምዱሊላህ» ብለዋል።

ልዩ ልዩ፣ የቀጠለ

ደስታው ሳይበርድ፣ ሊቀ መንበሩ በስልካቸው ከገቡት ደብዳቤዎች አንዱን ከፍተው ሲያነቡ ፊታቸው መለወጡን ጸሐፊው አስተውሏል። ደብዳቤው ከማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ የተላከ ሲሆን፣ ይህ ኮሚቴ ሽግግሩን በአግባቡ ባለመምራቱ የሥራ ዘመኑና የስብሰባ አበሉ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ያበቃ መሆኑን የሚገልጽ ነው።

ሊቀ መንበሩ የሚከተለውን የመጨረሻ ሐሳብ አቅርበዋል። ይህን ደብዳቤ ለማንበብ የተቻለው ሰርቨሩ በፈረንጁ ሰዓት በመሆኑ ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ወደ አገሩ ዘመን ቢመለስ ማንም ገብቶ አያነበውም፤ ማንም ያላነበበው ደብዳቤ ደግሞ አልደረሰም፤ ያልደረሰ ደብዳቤም ማንንም አያሰናብትም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ ቀዳሚውም ተከታዩም፣ ጳጉሜኑም አንድነቱም፣ የሰዓቱም እርማት ጭምር፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር፤ ሰዓቱም አሁኑኑ ወደ ነበረበት ይመለስ።

ሸህ አብዱልጀሊል «ያ ሰርቨር አላውቃችሁም ሲላችሁ ተሳስቷል ብዬ ነበር፤ ወላሂ፣ ከኔ ቀድሞ ነው ያወቃችሁ» ብለው ተቃውመዋል። ድምፅ ተሰጥቶ ሐሳቡ አራት ለአንድ አልፏል። ከአራቱ አንዱ የጸሐፊው ነው፤ አሁንም ምክንያቱን የጠየቀው የለም። አቶ የኋላሸት የውሳኔውን ቁጥር ተቀብለው በዝግታ ሄደዋል።

ሊቀ መንበሩ ዛሬ ከማኅበሩ አድራሻ የወጣ ደብዳቤ ሁሉ፣ የወ/ሪት ሙስሊማ ማረጋገጫ ጭምር፣ በዚሁ ውሳኔ መሠረት እንዳልተላከ እንዲቆጠር ጨምረው ሲያስጽፉ፣ ሸህ አብዱልጀሊል ኮፍያቸውን አንሥተው «እሱን እንግዲህ ደሴ ድረስ ሄደህ መልሰው» በማለት፣ ወ/ሪት ሙስሊማን ወደ ወግዲ በሚመለሰው የጭነት መኪና ላይ ለማሳፈር አብረዋቸው ወጥተዋል።

ከአባላቱ አንዱ በመውጣታቸው ምልዓተ ጉባኤው ጎድሎ፣ ስብሰባው በአገራችን ሰዓት ከቀኑ 11፡30፣ በሰርቨሩም ሰዓት በተመሳሳይ ደቂቃ፣ ከማንም ጋር ያለ ልዩነት ተዘግቷል።

ሰኞ ደሴ ስለሚጀመረው የአዋላጅነት ትምህርት ኮሚቴው ያሳለፈው ምንም ዓይነት ውሳኔ አለመኖሩ፣ ስለሆነም የሚሽረው አለመኖሩ ይታወቅ።

አሻግሬ
ጸሐፊ